ስቶክሆልም፣ ኦስሎ፣ ኮፐንሃገን፦ ሆቴሎችን ሳይሸወዱ ማወዳደር

በስካንዲኔቪያ ከተሞች ሆቴል ሲፈለግ መጀመሪያ ዓይን የሚያርፈው የአንድ ሌሊት ዋጋ ላይ ነው። አብዛኛው ሰውም ከርካሽ ወደ ውድ ደርድሮ ከላይ ያገኘውን ይይዛል። ያ ቁጥር ግን አንዱ ሆቴል ላይ ቁርሱን፣ አንሶላውን፣ ሐሳብ ቢቀየር ገንዘብ የማስመለስ መብቱን ጭምር የያዘ ሲሆን፣ ሌላው ላይ ባዶ ክፍል ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መወዳደር ያለበት የቆይታው ጠቅላላ ወጪ ነው። እዚህ የምናተኩረው በሦስቱ ዋና ከተሞች ላይ ነው። ሄልሲንኪን ብዙ ሰው አብሮ ይቆጥራታል፤ ፊንላንድ ግን በዩሮ የምትገበያይ ሌላ ገበያ ስለሆነች ትተናታል።

ከቪዛው ጀምሩ

ከኢትዮጵያ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በሸንገን ቪዛ የሚሄድ ሰው ሆቴል ከመምረጡ በፊት ሌሊቶቹን በየአገሩ ማከፋፈል አለበት። ለጉብኝት የሚሄድ ሰው ማመልከቻውን የሚያስገባው ብዙ ቀን ለሚቆይበት አገር ነው፤ ቀኖቹ እኩል ከሆኑ መጀመሪያ ለሚገባበት። ኮፐንሃገን አራት ሌሊት፣ ስቶክሆልም ሦስት ሌሊት ከያዛችሁ ጉዳያችሁ የዴንማርክ ነው። በኋላ ስቶክሆልም ርካሽ አገኘሁ ብሎ ሌሊቶቹን ማገለባበጥ የማመልከቻውን መሠረት ያናጋል።

ውሳኔው በመደበኛው 15 ቀን ይወስዳል፣ እስከ 45 ቀን ሊራዘምም ይችላል። ስለዚህ ቪዛው እስኪመጣ ድረስ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ክፍል ብቻ ያዙ። «የማይመለስ» የሚለው ዋጋ ቀነስ ስላለ ያጓጓል፤ ቪዛው ከተከለከለ ግን ሙሉውን ትከፍላላችሁ። የተጓዦቹ ሁሉ ስም በፓስፖርቱ እንዳለው ፊደል በፊደል ማረጋገጫው ላይ መጻፍ አለበት። ባልና ሚስት አብረው ሲሄዱ የባል ስም ብቻ ተጽፎ መምጣቱ የተለመደ ስሕተት ነው። ሆቴሉን በኢሜይል ከጠየቃችሁ የሁለተኛውን ሰው ስም ጨምሮ ይልክላችኋል።

መሰረዣው የሚያበቃበትን ሰዓትም በደንብ አንብቡ። ሰዓቱ የሆቴሉ አገር ሰዓት ነው፣ አቆጣጠሩም እንደ ፈረንጅ ነው፤ 18:00 ማለት በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። አንዳንዱ ሆቴል እስከ መድረሻው ዕለት 18:00 ይፈቅዳል፤ ሌላው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት ይዘጋል።

ክሮነር ሁሉ አንድ አይደለም

ሦስቱም አገሮች የየራሳቸው ገንዘብ አላቸው። የዴንማርኩ ክሮነር ከዩሮ ጋር የታሰረ ስለሆነ 1 ዩሮ ሁልጊዜ 7.46 ገደማ ነው። የስዊድኑና የኖርዌዩ ይዋዥቃሉ፤ በቅርብ ዓመታት 1 ዩሮ ከ11 ክሮነር ወዲህና ወዲያ ሲል ቆይቷል። ስለዚህ በኮፐንሃገን 1,000 የተባለ ክፍል 134 ዩሮ ያህል ሲሆን፣ በስቶክሆልም 1,300 የተባለው 118 ዩሮ አካባቢ ነው። ቁጥሩ ትልቅ የሆነው ዋጋው ያንሳል ማለት ነው። ስታወዳድሩ ድረ ገጹን በዩሮ ወይም በዶላር አድርጉት። ስትከፍሉ ግን ተቃራኒውን አድርጉ፦ የካርድ ማሽኑ በእናንተ ገንዘብ ወይስ በክሮነር ብሎ ሲጠይቅ ክሮነሩን ምረጡ። በሌላው በኩል ያለው ምንዛሪ የራሱን ትርፍ የጨመረ ነው።

የተጨማሪ እሴት ታክስ በሚታየው ዋጋ ውስጥ አለ፤ ለሆቴል ዴንማርክ ላይ 25፣ ስዊድንና ኖርዌይ ላይ 12 በመቶ ነው። ከአሜሪካ የሚመጡ እንደለመዱት መጨረሻ ላይ ታክስ ዱብ አይልም። ኮከብን በተመለከተ ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ መንግሥታዊ የኮከብ ደረጃ የለም። ኦስሎ ላይ የምታዩት አራት ኮከብ ሆቴሉ ወይም ድረ ገጹ ራሱ የሰጠው ነው፤ ለማወዳደሪያ አትጠቀሙበት።

ሒሳቡ እንዲህ ይሠራል

ወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ ሆቴል አራት መስመር ጻፉ፦ ክፍሉ፣ ቁርሱ፣ የዕለት ትራንስፖርቱ፣ ከአየር ማረፊያ ደርሶ መልሱ። ለማሳያ ያህል ሁለት ሰዎች ስቶክሆልም ሦስት ሌሊት ያድራሉ እንበል። አንደኛው ሆቴል ከመሀል ከተማ ወጣ ያለው ሰፈር ኪስታ ነው፣ ቁርስ የለውም፣ ሌሊቱ 1,050 የስዊድን ክሮነር። ሁለተኛው ማዕከላዊ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው፣ ቁርስ አለው፣ ሌሊቱ 1,400። በአንደኛው ክፍሉ 3,150 ይሆናል። ቁርስ ውጭ ለአንድ ሰው 130 ብንል 780 ይጨመራል። ወደ መሀል ከተማ ደርሶ መልስ በአንድ ጉዞ 45 ቢታሰብ ለሁለት ሰው በሦስት ቀን 540 ነው። የአየር ማረፊያውን መስመር ለሁለቱም እኩል ነው ብለን ብንተወው ድምሩ 4,470። ሁለተኛው በእግር የሚያዞር ስለሆነ 4,200 ላይ ይቆማል። ዝርዝሩ ላይ በሌሊት 350 የሚወደደው ሆቴል መጨረሻ ላይ 270 ረከሰ፤ በቀን አርባ ደቂቃ ያህል የባቡር ጊዜም ተረፈ። ሁልጊዜ እንዲህ ይገለበጣል ማለት አይደለም። ሰው ብቻውን ሲሆንና ቁርስ የማይበላ ከሆነ ዳር ያለው ሊያዋጣው ይችላል።

ቁርሱ

ስካንዲኔቪያ ውስጥ የሆቴል ቁርስ ቀላል ነገር አይደለም፤ እንቁላል፣ ዓሣ፣ አይብ፣ ጥቁር ዳቦ፣ የአጃ ገንፎ፣ ፍራፍሬ ያለበት ሙሉ ቡፌ ነው። ምግብ ውጭ ውድ በሆነበት አገር በደንብ የበላ ሰው ምሳውን ያዘገያል። እንደ ስካንዲክና ቶን ያሉ ትልልቅ ስሞች በአብዛኛው ቁርሱን ዋጋው ውስጥ ያስገባሉ። የኖርዌዩ ሲቲቦክስና የዴንማርኩ ካቢን ደግሞ ክፍሉን አርክሰው ቁርሱን ለብቻ ያስከፍላሉ። ብዙ ሰው የማያውቀው ሦስተኛ ዓይነት አለ፦ ቀድሞ ክላሪዮን ኮሌክሽን ይባሉ የነበሩት፣ አሁን ሆም ሆቴል የተባሉት፣ ከቁርስ ሌላ የምሽት ቀለል ያለ ምግብም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያቀርባሉ። ኦስሎ ወይም ሌላዋ የኖርዌይ ከተማ በርገን ላይ የሁለት ሰው እራት የሚያስወጣውን ሬስቶራንት ያየ ሰው የዚህን ትርጉም ይረዳዋል፤ በወረቀታችሁ ላይ እራትን አምስተኛ መስመር አድርጉት።

ጉዞው ጾም ላይ ከወደቀ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ቡፌው እስከ 10 ሰዓት፣ ማለትም እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ነው የሚቆየው፤ ቅዳሜና እሑድ ትንሽ ይዘገያል። እስከ ስድስት ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ለማይበላው ይከፍላል ማለት ነው። ለእርሱ ቁርስ የሌለው ክፍል፣ ይልቁንም ትንሽ ማብሰያ ያለው አፓርታማ ሆቴል ይሻለዋል። ሰዓት ሳይጠብቅ የሚበላ ጿሚ የአጃ ወተት፣ ገንፎና ባቄላ በቀላሉ ያገኛል። አሳማ የማይበላ ደግሞ ቋሊማውንና ቀጫጭን ተቆርጦ የተደረደረውን ሥጋ ሳይጠይቅ አይንካ።

ሰፈር ምርጫ

የመጀመሪያው ወጥመድ ስሙ ላይ ነው። «ኦስሎ ኤርፖርት» የሚል ሆቴል ጋርደርሙን ነው፤ ከከተማው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። «ስቶክሆልም አርላንዳ» የሚለውም 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርካሽ አየር መንገዶች የሚያርፉባቸው ስካቭስታና ቶርፕ ደግሞ ከየዋና ከተሞቻቸው መቶ ኪሎ ሜትር አካባቢ ናቸው። ሆቴሉን በስሙ ሳይሆን ካርታ ላይ፣ በአቅራቢያው ካለው ጣቢያ ስንት ደቂቃ በእግር እንደሆነ እያያችሁ ምረጡ። ከአሥር ደቂቃ ከበለጠ በክረምት በረዶ ላይ ሻንጣ መጎተቱን አስቡበት።

ስቶክሆልም፦ ኖርማልም ለጣቢያው ቅርብ ነው። ሶደርማልም ምግብ ቤትና ካፌ የበዛበት ነው፣ ዋጋውም መካከለኛ ነው። ጋምላ ስታን ውብ ነው፤ ሕንፃዎቹ የጥንት ስለሆኑ ግን ክፍሉ ጠባብ፣ ደረጃው ቀጥ ያለ፣ አሳንሰር የሌለውም ብዙ ነው። እናትና አባት ይዞ የሚሄድ ሰው እዚያ ባይይዝ ይሻላል። ከአርላንዳ ፈጣኑ ባቡር 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፣ ውድ ነው። የከተማ ዳርቻው ባቡር 40 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ በቲኬቱ ላይ የጣቢያው ማለፊያ ክፍያ ይጨመርበታል። ያንን ክፍያ ማምለጥ የሚፈልግ በ583 አውቶቡስ እስከ ማርስታ ሄዶ እዚያ ባቡሩን ይይዛል፤ ለ75 ደቂቃ የሚያገለግለው ተራ የከተማ ቲኬት በቂ ነው።

ኦስሎ፦ ከጋርደርሙን ሁለት ባቡር አለ። ፍሊቶገት 20 ደቂቃ ገደማ፣ የቪ ባቡር ደግሞ ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ዘግይቶ በግማሽ ዋጋ ገደማ ያደርሳል፤ ምርጫው ግልጽ ነው። ማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ ኦስሎ ኤስ ዙሪያ ማደር ያመቻል። ከጣቢያው ጀርባ ያለው ግሮንላንድ የአፍሪካና የእስያ ምግብ ቤቶች ያሉበት ሰፈር ነው። ግሩነርሎካ ለወጣት ይመቻል፣ ቅዳሜ ማታ ግን ጫጫታ አለው።

ኮፐንሃገን ለአየር ማረፊያ ቅርበት ሁለቱንም ትበልጣለች፤ ከካስትሩፕ መሀል ከተማ ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ሆቴላችሁ ማዕከላዊ ጣቢያ ወይም ቬስተርብሮ ከሆነ ባቡሩን፣ ኮንገንስ ኒቶርቭ ወይም ኖርፖርት አካባቢ ከሆነ ሜትሮውን ያዙ። ሜትሮው ሌሊቱን ሙሉ ስለሚሠራ ኦሬስታድ ያሉት ርካሽ ሆቴሎች እንደ ሌሎች ከተሞች ዳርቻ አያስቸግሩም። ቬስተርብሮ ውስጥ ኢስተድጋደ መንገድ ላይ ከያዛችሁ ወደ ግቢው የሚመለከት ክፍል ጠይቁ።

የስዊድኗ ማልሞ አድሮ ኮፐንሃገንን መጎብኘት የታወቀ ዘዴ ነው። በ2000 በተከፈተው የኦሬሱንድ ድልድይ ባቡሩ 40 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ለሁለት ሰው በየቀኑ ደርሶ መልስ ሲታሰብ ግን የተረፈው ገንዘብ በቲኬት ሊያልቅ ይችላል። ድንበር ስለሚታለፍ ፓስፖርትም ከኪስ አይለይ። ከኮፐንሃገን ወደ ኦስሎ ለሚሄድ የሌሊቱ መርከብ ከሰዓት በኋላ ተነስቶ በማግሥቱ ጠዋት ያደርሳል፤ ካቢኑን ከአንድ ሌሊት ሆቴልና ከአንድ የባቡር ቲኬት ድምር ጋር አወዳድሩት።

የክፍሉ ዓይነት ላይ የሚደበቀው

ፎቶ ክፍሉን ያሰፋል፤ ካሬ ሜትሩን ፈልጉ። ከ12 በታች ከሆነ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ከተከፈተ መራመጃ የለም። በስቶክሆልምና በሌላዋ የስዊድን ከተማ በጎተንበርግ መስኮት የሌላቸው ወይም ምድር ቤት ያሉ ክፍሎች በርካሽ ይሸጣሉ፤ መግለጫው ውስጥ በአንዲት ቃል ተጠቅሶ ስለሚታለፍ ብዙ ሰው ገብቶ ነው የሚያውቀው። ለአንድ ሌሊት ምንም አይደለም፣ ለሳምንት ግን ይከብዳል። የሁለት ሰው አልጋ ማለት በአብዛኛው ሁለት ፍራሽ ተጠጋግቶ፣ ሁለት የተለያየ ብርድ ልብስ ተደርጎበት ነው። በሰኔ አጋማሽ ስቶክሆልም ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ስለሆነ ብርሃን የሚከለክል መጋረጃ እንዳለ አስተያየቶቹ ውስጥ ፈልጉ። ሆስቴል ከሆነ አንሶላና ፎጣ በተጨማሪ ክፍያ ሊሆን ይችላል፤ ደንቡን ማንበብ ነው።

መቼ ይረክሳል

ስቶክሆልምና ኦስሎ የሥራ ከተሞች ናቸው። ክፍሎቹን ከሰኞ እስከ ሐሙስ የሚሞላቸው የቢሮ ሰው ስለሆነ ዓርብና ቅዳሜ፣ እንዲሁም አገሬው ለዕረፍት የሚወጣበት ሐምሌ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ኮፐንሃገንና በርገን ግን በአውሮፓው በጋ ቱሪስት ስለሚሞላባቸው ይወደዳሉ። ዋጋው ያለ ምክንያት እጥፍ ሆኖ ካያችሁት አንድ ዝግጅት አለ ማለት ነው፦ የኖቤል ሽልማት ሳምንት በዲሴምበር 10 ዙሪያ፣ የኖርዌይ ብሔራዊ ቀን በሜይ 17፣ በጎተንበርግ የሐምሌው የልጆች እግር ኳስ ውድድር ጎቲያ ካፕና በሴፕቴምበር መጨረሻ የመጻሕፍት ትርኢቱ። ቀኑን በሁለት ወይም ሦስት ቀን ማንቀሳቀስ ሆቴል ከመለወጥ የበለጠ ያተርፋል።

ክፍያና መግቢያ

ጥሬ ገንዘብ የማይቀበል ሆቴል ብዙ ነው፣ በተለይ ስዊድን። ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ ከያዘላችሁ ሆቴሉ ስትገቡ ያንኑ ካርድ አሳዩ ሊል ይችላል፤ አስቀድሞ በኢሜይል ጠይቆ የካርዱን ባለቤት የፈቃድ ቅጽ ማስሞላት ያስፈልጋል። ለመያዣ የሚታገደው ገንዘብ ከወጣችሁ በኋላም ለቀናት ሊቆይ ስለሚችል ባለ ቅድመ ክፍያ ካርድ የያዘ ሰው ለዚያ የሚሆን ትርፍ ይተው።

ከአዲስ አበባ ሌሊት የተነሳ በረራ ማለዳ ያደርሳል፤ ክፍል የሚሰጠው ግን በአብዛኛው በ15:00፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ሻንጣ ማስቀመጫ መኖሩን አረጋግጡ፤ ሪሴፕሽን የሌላቸው፣ በማሽንና በኮድ የሚገባባቸው ሆቴሎች ለመቆለፊያ ሳጥን ሊያስከፍሉ ይችላሉ።

ከመሄዳችሁ ሁለት ሳምንትና አንድ ሳምንት ሲቀር ያንኑ ሆቴል ለዚያው ቀን እንደገና ፈልጉ፤ በሆቴሉ በራሱ ድረ ገጽም ዋጋውን እዩ። ቀንሶ ካገኛችሁት አዲሱን ያዙና የድሮውን ሰርዙ፤ ድንበር ላይ ሊጠየቅ ስለሚችል የታተመውንም ወረቀት ቀይሩ። አዲሱ ማረጋገጫ በኢሜይል እጃችሁ ሳይገባ ግን የድሮውን አትንኩት።