«ዌር አር ዩ ሊቭ?»፦ ያለቦታው የሚገባው ረዳት ግስ

ምልክት፦ ጅማ ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስጠና ከማንኛውም ስህተት ይልቅ ደጋግሜ ያረምሁት «ዌር አር ዩ ሊቭ?» የሚለውን ነው። ተማሪው የ«ዱ»ንና የ«ደዝ»ን ሠንጠረዥ በቃሉ ይወጣዋል፤ አፉን ሲከፍት ግን «አር» ይቀድመዋል።

መንስኤ፦ ጥፋቱ የሚጀምረው «የት ነው የምትኖረው?» ከሚለው ከራሳችን ጥያቄ ነው። እዚህ ላይ «ነው» የገባው «የት»ን አጉልቶ ለማውጣት ሲሆን፣ ተማሪው ግን እንደ ዋና ግስ ቆጥሮ ወደ «ኢዝ» ወይም ወደ «አር» ይመልሰዋል። «ነው ማለት ኢዝ ነው» እያሉ በፎቶ ኮፒ የሚባዙት ስስ መጻሕፍት ደግሞ ስህተቱን ያጸኑታል፤ ተማሪ ይዟቸው ሲመጣ አስቀድሜ የማስዘጋው እነርሱን ነው።

መፍትሄ፦ ወደ እንግሊዝኛ ከመሻገር በፊት «ነው»ን ከአማርኛው ማውጣት ነው። «የት ነው የምትኖረው?» «የት ትኖራለህ?» ይሆናል፤ ግስ ስለተረፈ «ዌር ዱ ዩ ሊቭ?» ይባላል። «ቤትህ የት ነው?» ግን «ነው» ቢወጣለት ግስ ስለማይተርፈው «ዌር ኢዝ ዩር ሃውስ?» ነው።

አንድ ተማሪዬ ጅሬን ወዳለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የውጭ አገር እንግዳ ይዞ ወጥቶ፣ ሥራውን ለመጠየቅ «ዋት አር ዩ ዱ?» አለው። እንግዳው «ምን እያደረግህ ነው?» የተባለ መስሎት ካሜራውን ወደ ቦርሳው መለሰና ይቅርታ ጠየቀ፤ ልጁም ለምን ይቅርታ እንደተጠየቀ የገባው እኔ ዘንድ መጥቶ ጥያቄውን ሲደግምልኝ ነው። «ምንድን ነው የምትሠራው?» የሚለውን «ምን ትሠራለህ?» ብሎ ቢያስተካክለው ኖሮ «ዋት ዱ ዩ ዱ?» ይል ነበር። ሁለተኛው «ዱ» ዋናው ግስ ስለሆነ፣ ድግግሞሽ መስሎት የሚሰርዘው ሁሉ ይጠንቀቅ።

መንገድ ላይ ለተገኘ ሰው «ወዴት ነው የምትሄደው?» ሲባል ድርጊቱ በመካሄድ ላይ ነውና ግሱ «ኢንግ» ይይዛል፤ ያኔ «ዌር አር ዩ ጎይንግ?» ትክክል ነው። ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው «ደክሞሃል?» እና «ርቦሃል?» የመሰለው ነው፤ በአማርኛ ግስ ስለሆኑ ተማሪው የእኔን መመሪያ ጠብቆ «ዱ ዩ ታየርድ?» ይለኛል፣ ጥፋቱም የእኔ ይሆናል። እንግሊዝኛ እነዚህን በቅጽል ስለሚገልጻቸው «አር ዩ ታየርድ?»፣ «አር ዩ ሀንግሪ?» ይባላል። «አለ»ም ሁለት መልክ አለው፦ «የት አለህ?» «ዌር አር ዩ?» ሲሆን፣ ገበያ ላይ «ቡና አለህ?» ለማለት «ዱ ዩ ሃቭ ኮፊ?» ነው።

«ዲድ ዩ ዌንት?» ለሚል ሰው፣ ኃላፊ ጊዜውን «ዲድ» ስለተሸከመው «ጎ» ይበቃዋል፤ «ደዝ ሺ ላይክስ?»ም በዚሁ መንገድ ይታረማል። «ማን መጣ?» ሲባል ግን «ሁ ኬም?» ብሎ ማለፍ ነው፤ ረዳት ግስ አይፈልግም።