የበሶና የቴምር ጭብጦ አልሳካ ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

በሶ ተቆልቶ የተፈጨ የገብስ ዱቄት በመሆኑ ለመብላት እንደገና እሳት አይፈልግም። በውኃና በጨው ተለውሶ የሚጨበጠው ጭብጦም ሆነ በተነጠረ ቅቤ የሚታሸው ጭኮ በዚሁ ባሕርይ ላይ የቆሙ ናቸው። ዛሬ በየቤቱ ያለ ምድጃ የሚዘጋጁት የቴምርና የኦቾሎኒ ድብልብሎችም ከእነዚህ የራቁ አይደሉም፤ ብዙ ጊዜ በሚገባባቸው አጃ ቦታ በሶ ሲገባ የሚገኘው ጭብጦ የሚያጠግብና ለጾምም የሚሆን መክሰስ ነው። ይሁን እንጂ አሠራሩ ቀላል ከመምሰሉ የተነሣ ልኬቱ ይዘነጋል፤ ልውሱ ሲበላሽም ብዙ ሰው መንስኤውን ሳይለይ ወደ ውኃ ማሰሮው ይሮጣል።

ከዚህ በታች የሚነሡት ችግሮች ሁሉ የሚታዩት ከሚከተለው መነሻ ልኬት አንጻር ነው፦ 200 ግራም ፍሬው የወጣለት ቴምር፣ 100 ግራም ስኳር ያልተጨመረበት የኦቾሎኒ ቅቤ፣ 120 ግራም በሶ፣ 30 ግራም የተቆላ ሰሊጥና ትንሽ ጨው። ድምሩ 450 ግራም ያህል ስለሚሆን እያንዳንዱ 20 ግራም የሚመዝን 22 ገደማ ጭብጦ ይወጣዋል። በዚህ ልውስ ውስጥ ቴምሩ ያያይዛል፣ የኦቾሎኒው ቅባት ያለሰልሳል፣ በሶው ደግሞ ሁለቱን ተሸክሞ ቅርጽ ይሰጣል። በሶ እርጥበትን የሚጠጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ፣ ልውሱ ተከድኖ 20 ደቂቃ ሳይቆይ ምንም ዓይነት እርማት ባይጀመር ይመረጣል።

ልውሱ ሳይያያዝ ሲፈረፈር

ከሁሉ አዘውትሮ የሚያጋጥመው ይህ ነው፤ በተሳሳተ መንገድ የሚታረመውም ከሁሉ በላይ ይኸው ነው። ውኃ ጠብ ሲደረግበት ልውሱ ለጊዜው የተያያዘ ይመስላል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ግን በሶው ውኃውን ጠጥቶ ይደርቃል፣ እንደገና ውኃ ይጨመራል፣ በመጨረሻም ከባድና በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚሻግት ጭብጦ ይገኛል።

መንስኤውን ለመለየት ከልውሱ ጥቂት ወስደው በመዳፍዎ አጥብቀው ይጨብጡት። ሲለቁት እንደ ዱቄት ተበትኖ መዳፍዎን ደረቅ ከተወው፣ በሶው በዝቷል ወይም ቴምሩ ደርቋል ማለት ነው። ቢጨበጥም ሲነኩት የሚሰነጠቅ ከሆነና በመዳፍዎ ላይ የቅባት ወዝ ከቀረ፣ የጎደለው ቅባት ሳይሆን የቴምሩ ማጣበቂያ ስለሆነ የኦቾሎኒ ቅቤ መጨመር ነገሩን ያባብሰዋል። በደንብ ተያይዞ ጫፍ ጫፉ ብቻ የሚሰነጠቅ ከሆነ ግን ምንም አልጎደለውም፤ ይክደኑትና ጥቂት ይታገሡት።

ቴምር ሲባል ሁሉም አንድ አይደለም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ ወገኖቻችን ለስላሳው ማጅዱልና ሱካሪ በየሱቁ ስለሚገኙ በሹካ ብቻ ይደቅቃሉ፤ በአዲስ አበባ ሱቆች ተጠቅጥቆ በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠው ቴምር ግን በመደርደሪያ ላይ በቆየ መጠን እየደረቀ ይሄዳል። የደረቀውን ቴምር ፍሬውን ካወጡለት በኋላ በሙቅ ውኃ 10 ደቂቃ ይዘፍዝፉት፤ ከዚያም በወንፊት አጥልለው በንጹሕ ጨርቅ በደንብ ያድርቁትና ይውቀጡት። ልውሱ አስቀድሞ ተሠርቶ ከሆነም ሦስት ወይም አራት ቴምር ለብቻ ዘፍዝፎና ደቁሶ ማሸት ይበቃል። እርጥበቱ በቴምሩ ሥጋ ውስጥ ተይዞ ስለሚገባ ከተጨመረ ውኃ የተሻለ ያያይዛል።

ሌላው መንስኤ ልኬቱ ራሱ ነው። በብርጭቆ የተለካ በሶ ነቅነቅ ተደርጎ ሲሞላና ሳይነቀነቅ ሲሞላ ክብደቱ እጅግ ይለያያል፤ አነስተኛ የኩሽና ሚዛን ያለው ሰው ከዚህ ጣጣ ይድናል። ሚዛን ከሌለ በሶውን በሙሉ አንድ ጊዜ ከማፍሰስ ሦስት አራተኛውን ብቻ አስገብቶ ከ20 ደቂቃ በኋላ የቀረውን እንደ አስፈላጊነቱ መጨመር ይሻላል። በሶው ሻካራ ሆኖ ከተፈጨም ስለማይያያዝ በወንፊት ነፍቶ ልሙን ብቻ መጠቀም ያሻል።

እንደ ማጣበቂያ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር መጨመርም ይቻላል። ማሩ ረግቶ ከሆነ ዕቃውን ለብ ባለና ከ40 ዲግሪ ባልበለጠ ውኃ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል፤ በቀጥታ እሳት ላይ መጣዱ መዓዛውን ያጠፋዋል። ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ግን ማር ያለበት ነገር ፈጽሞ አይሰጥም፤ በማር ውስጥ ሊገኙ የሚችሉ ቦቱሊዝም የተባለውን መመረዝ የሚያመጡ ባክቴሪያዎች ዘሮች በሕፃን አንጀት ውስጥ ሊያድጉ ይችላሉና።

እጅ ላይ ሲጣበቅና ቅርጹን አልይዝ ሲል

ቴምሩ ከመጠን በላይ ተዘፍዝፎ፣ ማሩ በዝቶ ወይም ክፍሉ ሞቆ ሊሆን ይችላል። ወዲያው በሶ ከማፍሰስ በፊት ልውሱን ለ30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ያቆዩት፤ ቅባቱ ሲረጋ ብዙውን ጊዜ ችግሩ በራሱ ይፈታል። ካልተፈታ ብቻ በሶ በአንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይጨምሩና በየመካከሉ ጥቂት ይጠብቁ። ሲያድበለብሉ እጅን ውኃ ከመንከር በጣም ጥቂት ዘይት መቀባት ይሻላል፤ ውኃው የጭብጦውን ገጽ አርጥቦ ለሻጋታ ያመቻቸዋል።

በኮኮናት ዘይት ለሚሠሩ ደግሞ ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ የኮኮናት ዘይት የሚቀልጠው 24 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ጠጥሮ የነበረው ጭብጦ በድሬዳዋ ወይም በዱባይ ሙቀት ጠረጴዛ ላይ ሊንጠፈጠፍ ይችላል። በሞቃት ቦታ የኮኮናት ዘይትን ትቶ በኦቾሎኒ ቅቤ ላይ ብቻ መተማመን ይመከራል።

ዘይት ሲወጣውና ሲንሸራተት

ይህ የመፍጫው ጥፋት ነው። ኦቾሎኒና ሰሊጥ ከክብደታቸው ግማሽ ያህሉ ዘይት ስለሆነ፣ የመፍጫው ምላጭ ሳያቋርጥ ሲዞር ይሞቃሉ፣ ዘይታቸውም ተለይቶ ይወጣል። ቴምሩና ኦቾሎኒው አንድ ላይ ከተፈጩ ልውሱ የሚያብረቀርቅ፣ ከዕቃው ግድግዳ የሚላቀቅና ሲጨበጥ የሚንሸራተት ይሆናል። ለወደፊቱ መፍጫውን ጥቂት ሰከንድ አስነሥቶ ማቆም፣ ማማሰልና እንደገና ማስነሣት ይገባል። ሙቀጫ ያለው ሰው ይህ ችግር እምብዛም አያጋጥመውም፤ ለዚህ ሥራ ሙቀጫና ዘነዘና ከማንኛውም መፍጫ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ዘይቱ ከወጣ በኋላ በሶ መጨመር ልውሱን ያደርቀዋል እንጂ ዘይቱን መልሶ አያዋሕደውም። ከላይ የነቀፍነው ውኃ የሚፈቀደው እዚህ ላይ ብቻ ነው። ቴምሩ ከተዘፈዘፈበት ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጠብ አድርገው በእጅዎ ሲያሹት ዘይቱ ቀስ በቀስ ይመለሳል። እንዲህ የታረመው ጭብጦ ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ በሦስት ወይም በአራት ቀን ውስጥ ቢበላ መልካም ነው።

ጥሬ ጥሬ ሲል

በበሶ ፋንታ ጥሬ የስንዴ፣ የጤፍ ወይም የገብስ ዱቄት ገብቶ ከሆነ ጉዳዩ ከጣዕም ያለፈ ነው። ዱቄት ከእርሻ እስከ ወፍጮ ባለው መንገድ ሳልሞኔላና ኢ. ኮላይ በመሳሰሉ ባክቴሪያዎች ሊበከል የሚችል ጥሬ ምግብ ነው፤ ማቀዝቀዝም ሆነ ማር መጨመር አይገድላቸውም። እንዲህ ተሠርቶ ያደረን ልውስ መብላት አይገባም። ገና አሁን ከተለወሰና መጣል ካሳዘነ፣ በፈላ ውኃ በጥብጦ እያማሰሉ በደንብ እስኪበስል እንደ አጥሚት ማፍላት ይቻላል።

በሶም ሆኖ ጥሬ የሚል ከሆነ ገብሱ በደንብ አልተቆላም ማለት ነው። በደንብ የተቆላ ገብስ ሲቆረጠም ይሰበራል፣ ውስጡም ቡናማነት ይታይበታል። የአጃ ልጥልጥ ግን ፋብሪካ ውስጥ በእንፋሎት ያለፈ በመሆኑ ያለ ተጨማሪ ማብሰል ሊገባ ይችላል። ገብስ ግሉተን ስላለው የሴሊያክ ሕመም ላለበት ሰው በሶ እንደማይሆን መዘንጋት የለበትም።

ሲመር

መራራነቱ መቼ እንደመጣ መለየት መንስኤውን ያሳያል። ገና እንደተሠራ የሚመር ከሆነና የቃጠሎ ሽታ ካለው፣ ሰሊጡ ወይም ኑጉ ተቃጥሏል። ሰሊጥ ከቀይ ዳማ ወደ ጥቁር የሚለወጠው በቅጽበት ነው፤ ከምጣድ ከወረደ በኋላም በያዘው ሙቀት መቆላቱን ስለሚቀጥል፣ መንጣጣት እንደ ጀመረ ወደ ቀዝቃዛ ሰፊ ሳህን መገልበጥ አለበት። የሁመራው ዓይነት ነጣ ያለ ሰሊጥ ቀለሙ ሲለወጥ በቀላሉ ስለሚታይ ለጀማሪ ይመቻል።

መራራነቱ አሮጌ ዘይት የሚሸት ከሆነ ግን የተበላሸው ቅባቱ ነው። በዚህ ረገድ ተልባን የሚያህል ተጠርጣሪ የለም፤ በውስጡ የሚበዛው የኦሜጋ 3 ቅባት ከአየር ጋር ሲገናኝ ፈጥኖ ስለሚበላሽ፣ ተፈጭቶ ወራት የቆየ ተልባ ጭብጦውን በሙሉ ያበላሻል። ተልባ የሚያስፈልገው ሰው ፍሬውን ቆልቶ በዕለቱ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ይፍጭ። መጠኑም ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ባይበልጥ ይሻላል፤ ተልባ እርጥበት ሲያገኝ ልጋግ ስለሚያወጣና የቴምሩን እርጥበት ስለሚስብ፣ ልውሱ ባደረ ቁጥር እየጠጠረ ይሄዳል።

ኦቾሎኒው መሮ ከሆነ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እርጥበት ባገኘ ኦቾሎኒ ላይ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፤ ይህ መርዝ በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ስለዚህ የባቢሌም ይሁን የሌላ አካባቢ ኦቾሎኒ ከመቆላቱ በፊት በደንብ ይለቀም፤ የተጨማደደ፣ የጠቆረና የሻገተው ፍሬ ይጣል። በልውስ ውስጥ ከገባ በኋላ ምንም መፍትሔ የለውም።

ጣፋጭነቱ ሲበዛ

ቴምር ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ስኳር ነው። በመነሻው ልኬት የተሠራ አንድ የ20 ግራም ጭብጦ ወደ 6 ግራም ስኳርና ከ75 እስከ 80 ካሎሪ ይይዛል፤ ስድስት ሰባቱን በአንድ ቁጭታ የጨረሰ ሰው መክሰስ ሳይሆን ምሳ በልቷል። ቴምሩ ከስኳሩ ጋር አሰርም ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እንዲቀነስ የመከረው በተለይ የሚጨመረውን ስኳር ሲሆን፣ ማርም ከዚያው ጎራ ይቆጠራል። ስለሆነም ጣፋጭነቱን ለመቀነስ መጀመሪያ የሚወጣው ማሩ ነው። ቀጥሎ ሰሊጡን ወደ 50 ግራም ከፍ ማድረግ፣ የተፋቀ የሎሚ ልጣጭ ወይም ጥቂት የተፈጨ ኮረሪማ መጨመር ይቻላል። ቴምሩን ከ160 ግራም በታች ማውረድ ግን ወደ መፈርፈሩ ይመልሳል።

ለትንንሽ ልጆች የሚዘጋጅ ከሆነ ኦቾሎኒው ሙሉ ፍሬ መሆን የለበትም፤ ሊያንቃቸው ስለሚችል በደንብ ይድቀቅ፣ ጭብጦውም ጠፍጠፍ ተደርጎ ይቆራረጥ። ኦቾሎኒና ሰሊጥ ከባድ አለርጂ የሚያስነሡ ምግቦች ስለሆኑ ለእንግዳ ከማቅረብ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከፍሪጅ ሲወጣ ሲጠጥር፣ ከቆየ በኋላ ሲሻግት

መጠጠሩ ችግር አይደለም፤ ቅባቱ ስለረጋ ነውና 15 ደቂቃ ያህል ውጭ ሲቆይ ይለሰልሳል።

ሻጋታው ግን ከእርጥበት ይመጣል። ያልደረቀ ቴምር፣ ገና ትኩስ እያለ የተከደነ የተቆላ ሰሊጥ፣ ከፍሪጅ ወጥቶ ክዳኑ ሳይከፈት እየላበ የዋለ ዕቃ፣ በተለይም በክረምት ወራት ጠረጴዛ ላይ የተተወ ጭብጦ ሁሉም ወደዚያው ያመራሉ። የቆላነው ሁሉ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ይለወስ። ጭብጦው በ4 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ክዳን ባለው ዕቃ አንድ ሳምንት ይቆያል፤ ፍሪዘር ውስጥ ደግሞ እርስ በርስ እንዳይጣበቅ መጀመሪያ በትሪ ተዘርግቶ ከጠነከረ በኋላ በላስቲክ ከታሸገ እስከ ሦስት ወር ጣዕሙን አይለቅም። በአንዱ ላይ ሻጋታ ከታየ ሻጋታውን ፍቆ ቀሪውን መብላት አይቻልም፤ ልውሱ ለስላሳና እርጥብ በመሆኑ የማይታየው ክፍል ወደ ውስጥ ሊዘልቅ ስለሚችል የዕቃው ይዘት በሙሉ ይጣላል፣ ዕቃውም በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ በደንብ ከደረቀ በኋላ ብቻ እንደገና ይሞላል።