የቻይንኛ መዝገበ ቃላት አፕ ሠርተው ሲሸጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የተሳሳተ ትርጉም በሚቀጥለው አፕዴት ይታረማል። አፑ አንዴ ሰው ስልክ ላይ ከገባ በኋላ የማይመለሱ ውሳኔዎች ግን አሉ፤ ብዙ ገንዘብ የሚበሉትም እነሱ ናቸው።

ነጻ ዳታ ነው ብሎ ፈቃዱን አለማንበብ

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው በሲሲ-ሴዲክት፣ ማለትም በነጻ በሚገኝ የመዝገበ ቃላት ዳታ ነው። በ1997 ከተጀመረው ሴዲክት የቀጠለ ሲሆን ከ120 ሺህ በላይ የቻይንኛ-እንግሊዝኛ ቃላት ይዟል። በእሱ አፕ ሠርቶ መሸጥ ይፈቀዳል። ግን ምንጩን አፑ ውስጥ መጥቀስ ግዴታ ነው፤ ዳታውን አሻሽለው ካሠራጩትም ያሻሻሉት በዚያው ፈቃድ ለሌላው ክፍት ይሆናል። ፍቺዎቹን በሙሉ ወደ አማርኛ መልሶ «የግሌ ነው» ማለት አይቻልም። ስለዚህ ራስዎ ያዘጋጇቸውን ምሳሌዎችና ማስታወሻዎች ከእሱ ጋር ሳይቀላቅሉ ለብቻ ፋይል ይያዙ።

ከአሳታሚ ጋር ሲዋዋሉ ውሉ የሚያልቅበትን ቀን አለማሰብ

ውሉ ሲያበቃ ከዚያ በፊት የገዛ ደንበኛ ስልክ ቢቀይር መዝገበ ቃላቱን እንደገና ማውረድ ይችላል? ይህ በግልጽ ካልተጻፈ ገንዘቡን የከፈለ ሰው ባዶ እጁን ይቀራል፤ የሚከሰውም አሳታሚውን ሳይሆን እርስዎን ነው። የአሳታሚው ድርሻ ከምን ላይ እንደሚሰላም ይጻፍ። 10 ዶላር በሚሸጥ መዝገበ ቃላት ላይ የአፕ መደብሩ (አፕል ወይም ጉግል) 30 በመቶ ቢወስድና አሳታሚው 25 በመቶ ቢጠይቅ፣ ስሌቱ ከመሸጫ ዋጋው ከሆነ የሚተርፍዎ 4.50 ዶላር ነው፤ ከመደብሩ ድርሻ በኋላ ከሆነ ግን 5.25።

ፍላሽካርድን (የቃል ማጥኛ ካርድን) ከረድፍ ቁጥር ጋር ማሰር

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ካርዱ የሚያመለክተው የዳታቤዙን ረድፍ ቁጥር ከሆነ፣ አዲስ የቃላት ዝርዝር ሲገባ ቁጥሩ ይንሸራተታል። «ሻይ»ን ሲያጠና የከረመ ተማሪ ካርዱን ሲከፍት «ጣራ» ይመጣበታል፤ የጥናት ታሪኩም አብሮ ይበላሻል። ካርዱን የሚለየው ነባሩ ፊደል፣ የተቃለለው ፊደልና ባለ ቶን ፒንይኑ (የድምፁ ከፍታና ዝቅታ የተመለከተበት፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ አነባበቡ) አንድ ላይ ይሁኑ። ፒንይኑ በአፕዴት የሚታረምበት ጊዜ ስላለ፣ ሦስቱ ካልገጠሙ በፊደሎቹ ብቻ ይፈለግ፤ ያም ካልሆነ ካርዱ ላይ አስቀድሞ የተቀዳው ጽሑፍ ይታይ እንጂ ካርዱ አይጥፋ። የተጠቃሚው ዳታ ምንጊዜም ከመዝገበ ቃላቱ በተለየ ፋይል ይቀመጥ፤ አፕዴት የሚተካው መዝገበ ቃላቱን ብቻ ነው።

ፍለጋን እንደ እንግሊዝኛ መሥራት

ስልክ ላይ የሚሠራው የኤስኪውላይት ዳታቤዝ የጽሑፍ ፍለጋ (ኤፍቲኤስ5) እንዳለ ሲወሰድ ቃልን የሚለየው በክፍተትና በሥርዓተ ነጥብ ነው። ቻይንኛ በቃላት መካከል ክፍተት ስለሌለው ረጅም ሐረግ እንዳለ አንድ ቃል ሆኖ ይመዘገባል። ጽሑፉን በሦስት በሦስት ፊደል የሚከፋፍለው ትራይግራም የሚባል አማራጭም አያድንም፤ ከሦስት ፊደል ላነሰ ፍለጋ ምንም አይመልስም፣ አብዛኛው የቻይንኛ ቃል ደግሞ ባለ ሁለት ፊደል ነው። የሚያዋጣው ለኢንዴክሱ (ለፍለጋ ማውጫው) ብቻ በየፊደሉ መካከል ክፍተት አስገብቶ ማስቀመጥና ተጠቃሚው የጻፈውንም እንዲሁ ነጣጥሎ እንደ ሐረግ መፈለግ ነው።

ፒንይን የራሱ ጣጣ አለው። «ፋንግ-አን» (ዕቅድ) እና «ፋን-ጋን» (መጥላት) በላቲን ያለ ክፍተት ሲጻፉ ፊደላቸው አንድ ነው፤ ፍለጋው ሁለቱንም ማውጣት አለበት። ከላይዋ ሁለት ነጥብ የተደረገባትን የላቲን ዩ ሲሲ-ሴዲክት የሚጽፋት ዩ ብሎ ከጎኗ ሁለት ነጥብ በማስከተል ነው፤ ሰው ግን በስልኩ የሚጽፈው ቪ ብሎ ነው። ይህን ያላስተካከለ አፕ ይህች ፊደል ያለችበት «አረንጓዴ» ሲፈለግ «የለም» ይላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቃል ሁለት ተጨማሪ ዓምዶች ያዘጋጁ፦ ክፍተት የሌለው ፒንይን ከነቶን ቁጥሩ፣ እና ቁጥሩም የወጣለት።

ቅደም ተከተልም አለ። ሲሲ-ሴዲክት ቃሉ ምን ያህል እንደሚዘወተር አይናገርም። በፒንይን «ሺ» ብሎ የፈለገ ሰው በየቀኑ ከሚሰማው «ነው» በፊት ማንም የማያውቀው የቤተሰብ ስም ይወጣለታል። የድግግሞሽ ዝርዝር ያክሉ፤ ከፊልም የግርጌ ጽሑፍ የተሰበሰበው ሰብትሌክስ-ሲኤች ለንግግር ቋንቋ ይቀርባል። የእሱንም ፈቃድ ያንብቡ።

ፊደሉን ለስልኩ ምርጫ መተው

ዩኒኮድ የቻይናንና የጃፓንን ብዙ ፊደላት በአንድ ቁጥር ስላስቀመጠ፣ ቋንቋው በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ በተሞላ ስልክ ላይ «አጥንት» እና «ቀጥ ያለ» የሚሉት ፊደላት በጃፓን ቅርጽ ሊወጡ ይችላሉ። ጽሑፉ የተቃለለ ወይም ነባር ቻይንኛ መሆኑን በኮዱ ውስጥ ያመልክቱ።

ሽያጩ ላይ

ጉግል ፕሌይ ላይ አንዴ በነጻ የወጣ አፕ ባለ ዋጋ ሊሆን አይችልም፤ የሚቀረው አፑ ውስጥ መሸጥ ነው። በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች ለሚያስገባ አፕል 15 በመቶ ብቻ ይወስዳል፤ ለዚህ ግን በትንንሽ ንግዶች ፕሮግራሙ መመዝገብ ያስፈልጋል። «ግዢዬን መልስ» የሚል ቁልፍ ከሌለ አፕል አፑን ሳይቀበል ይመልሰዋል። አይፎን ላይ የተገዛው አንድሮይድ ላይ ስለማይሠራ ይህ ከመግዣው ቁልፍ አጠገብ ይጻፍ።

ቻይና ውስጥ ጉግል ፕሌይ የለም፤ ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ወዲህም መንግሥት አፖች እንዲመዘገቡ ግድ ብሏል። ዕቃ ሊያመጣ ጓንጁ የሚወርደው ነጋዴ ግን አፑን የሚጭነው አዲስ አበባ ሳለ ነው። ለእሱ የሚያስፈልገው ፍለጋውም ድምፁም ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ነው፤ የጉግልን ሰርቨር የሚጠብቅ አፕ ገበያው መሀል ያስቀረዋል።