ሠራተኛ ከማባረራችሁ በፊት ደብተር ግዙ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ብሎኬት የምታመርቱ፣ ይቺ ለእናንተ ናት። ብሎኬት ሲሰበር መጀመሪያ የሚወቀሰው ሠራተኛው ነው። እኔም ሁለት ልጆች ላሰናብት ጫፍ ደርሼ ነበር።

ደግነቱ ቀድሜ ደብተር ገዛሁ። ክምሩ ላይ ቀኑን በጠመኔ እየጻፍን፣ ማን እንዳመረተው፣ ውሃ ስንት ጊዜ እንደጠጣና ስንት እንደተሰበረ ለአንድ ወር መዘገብን። ስባሪው የበዛው ውሃ በጠፋባቸው ቀናት ምርት ላይ ነው! ለካ ልጆቹ የሉበትም። ሲሚንቶ እንዲጠነክር ለቀናት እርጥበት ይፈልጋል፤ 7 ቀን ቢጠጣ ጥሩ ነው። ሁለት በርሜል ጨመርን፣ ስባሪው ቀነሰ።

ስትመዘግቡ ምንም ያልተሰበረበትንም ቀን ጻፉ፤ ማወዳደሪያችሁ እሱ ነው። ቆጠራውን ደግሞ አምራቹ ሳይሆን መኪና ላይ የሚጭነው ይያዘው።