«ዋጋ በኢንቦክስ» ይብቃ፦ ለትንሽ ንግድ ብሎግ እንዴት ይጻፋል?

ቴሌግራም ላይ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ሁሉ ይቺን ያውቃታል። ፎቶ ይለጠፋል፣ ከሥሩ «ዋጋ በኢንቦክስ» ይባላል። ገዢው ወይ ይጠይቃል ወይ ያልፋል። የጠየቀው መልሱን ለብቻው ይዞ ይሄዳል፤ ነገ ሌላው ያንኑ ይጠይቃል፣ እናንተም ያንኑ ደግማችሁ ትጽፋላችሁ። የዛሬ ወር የለጠፋችሁትን ደግሞ ማንም ወደ ላይ እየጎተተ አይፈልገውም።

ብሎግ፣ ማለትም ጽሑፍ እየጻፋችሁ የምታወጡበት የራሳችሁ ድረ ገጽ፣ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። አንዴ በደንብ የተጻፈ መልስ ከርሞም ቢሆን ጉግል ላይ ይገኛል። የተከፈለበት ማስታወቂያ ግን ብሩ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።

እስቲ ባልትና ቤት አላችሁ እንበል። መጀመሪያ ጥያቄ ልቀሙ። ስልካችሁን ክፈቱና ደንበኞች የላኩትን መልእክት በራሳቸው አነጋገር ደብተር ላይ ገልብጡ። «ሽሮው ውስጥ ምን ምን ገብቷል?» «በርበሬው በጣም ያቃጥላል?» «አምስት ኪሎ ዛላ ሲፈጭ ስንት ይወጣዋል?» «ለአሜሪካ መንገደኛ አሽጋችሁ ትሰጣላችሁ?» እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ጽሑፍ ነው፣ ርዕሱም ራሱ ጥያቄው ይሁን። «የበርበሬያችን ልዩ ጣዕም» የሚል ርዕስ ደስ የሚለው ባለቤቱን ብቻ ነው፤ ጉግል ላይ እንደዚያ ብሎ የሚፈልግ ሰው የለም።

ከሁሉም በፊት ግን የዋጋውን ጻፉ። አውቃለሁ፣ እዚህ ጋ ብዙ ነጋዴ ቅር ይለዋል። ተፎካካሪ ያየዋል፣ ዋጋው ነገ ይቀየራል ይላል። ተፎካካሪማ ድሮም ሰው ልኮ ጠይቋል!

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ሪቨር ፑልስ የሚባል የመዋኛ ገንዳ የሚሠራ ድርጅት አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የመጣው የገንዘብ ቀውስ ሊዘጋው ደርሶ ነበር። ከባለቤቶቹ አንዱ ማርከስ ሼሪዳን በ2009 ተቀምጦ ደንበኞች የሚጠይቁትን አንድ በአንድ በብሎግ መመለስ ጀመረ፤ ሌላው ሻጭ የሚደብቀውን የገንዳ ዋጋ፣ የራሱን ምርት ድክመት ሳይቀር። ገንዳ ስንት እንደሚፈጅ የሚፈልግ ሰው እሱን ማግኘት ጀመረ፣ ድርጅቱም ተረፈ። ልብ በሉ፣ ገንዳ ቁርጥ ዋጋ የለውም። ሰውዬው የጻፈው ዋጋው በምን በምን ምክንያት እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ ነው።

በርበሬም እንደዚያው ነው። ዛላው የማረቆ ነው ወይስ የአላባ? አዲስ ምርት በገባበት ሰሞን ነው የተገዛው ወይስ ገበያው በተወደደበት? ኮረሪማው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ በሶብላው ምን ያህል ገባ? መቀንጠሱ፣ ማድረቁ፣ ወፍጮው ስንት ፈጀ? ይህንን ዘርዝራችሁ ከጻፋችሁ በኋላ ዋጋውን አስቀምጡና «ይህ የጥር ወር ዋጋ ነው» በሉ። ሲቀየር እዚያው ጽሑፍ ላይ አስተካክሉት እንጂ አዲስ አትጻፉ፤ ጉግል የሚያውቀው የድሮውን ሊንክ ነው።

በነገራችን ላይ በርበሬ ገዢ ዋጋ ብቻ አይደለም የሚያስፈራው። ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበት ይሆን የሚለው ጭንቀት አለ። ይህንን የሚያውቅ ሻጭ ዝም ማለት የለበትም። ዛላው ሲቀነጠስ፣ ሲሰጣ፣ ወፍጮ ቤት ሲገባ በስልካችሁ አንሱና ከነማብራሪያው አውጡት። «መቶ በመቶ ንጹህ» የሚለውን ጽሑፍ ሁሉም ላስቲኩ ላይ ያትመዋል፣ ማንም አያምነውም።

የት ይጻፋል? ብሎገር የሚባለው የብሎግ መክፈቻ የጉግል ነው፣ ነፃ ነው፣ ጂሜይል ካላችሁ ይከፈታል። ዎርድፕረስ የሚባለው ሌላው የብሎግ መክፈቻም ነፃ አማራጭ አለው። ስለ መልኩ ብዙ አትጨነቁ። ይልቅ ፎቶውን አሳንሱት፣ አንባቢያችሁ በራሱ ዳታ ነው የሚከፍተው። ስልክ ቁጥራችሁና ሰፈራችሁ ከላይም ከታችም ይኑር። ሱቁን ጉግል ማፕ ላይ በነፃ አስመዝግባችሁ የብሎጉን ሊንክ እዚያ አስገቡ።

ፊደል ላይ አንድ ነገር አለ። አንዱ ሰው «የጾም ሽሮ» ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው «የፆም ሽሮ»፣ ውጭ አገር ያለው ዘመድ ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል። ለእኛ አንድ ነው፣ ለመፈለጊያው ግን ሁልጊዜ አንድ ላይሆን ይችላል። አንዱን ርዕስ ላይ፣ ሌላውን ውስጥ ለውስጥ ጣል አድርጉት። የጾሙን ጽሑፍ ደግሞ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሳይሆን አንድ ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ አውጡት፤ ጉግል አዲስ ጽሑፍ አግኝቶ ወደ ላይ እስኪያመጣው ጊዜ ይፈልጋል።

እስከዚያ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። ደንበኛ ቴሌግራም ላይ ሲጠይቃችሁ በአጭሩ መልሱለትና ሊንኩን ላኩለት። ቲክቶክ ላይ ያላችሁም ፕሮፋይላችሁ ላይ አስቀምጡት።

ይህ ሁሉ ለሁሉም ሰው አይደለም። የጀበና ቡና ከሆነ የምትሸጡት፣ ደንበኛችሁም በበራችሁ የሚያልፍ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ብሎጉ ይቅርባችሁ፤ ጊዜያችሁን ቡናው ላይ አውሉት። ገዢው ከመግዛቱ በፊት የሚያስብበት፣ የሚጠይቅበት፣ የሚያወዳድርበት ዕቃ ወይም አገልግሎት ላለው ግን ይሠራል። ባልትና፣ የቤት ዕቃ፣ የሠርግ ዲኮር፣ አስጎብኚ፣ የሒሳብ ሥራ…

ሥራውን መሥራቱን የምታውቁት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ የሚደውለውን ሁሉ «በምን አገኙን?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም ጻፉት። ሁለተኛ፣ ሰርች ኮንሶል የሚባለውን የጉግል ነፃ መሣሪያ ከብሎጉ ጋር አገናኙ፤ ሰዎች ምን ብለው ሲፈልጉ ብሎጋችሁ እንደመጣ ያሳያችኋል። እዚያ ውስጥ እናንተ መልስ ያልጻፋችሁለት ጥያቄ ካያችሁ፣ ቀጣዩ ጽሑፋችሁ እሱ ነው።