ፓፕ ስሚር ላይ "ክላሚዲያ ነው" ከማለታችሁ በፊት

ፓፕ ስሚር ከማህጸን ጫፍ ሴል ተወስዶ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ምርመራ ነው፣ ክላሚዲያ ደግሞ በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ ባክቴሪያ። ስላይድ የምታነቡ የላብ ልጆችም ሪፖርት ይዛችሁ የተጨነቃችሁ እህቶችም እዩት፣ ስህተቱ በሁለቱም በኩል አለ።

ትልቁ ስህተት ሴሉ ውስጥ ክብ ቫኩዮል (ባዶ የሚመስል ከረጢት) ስላዩ ብቻ ክላሚዲያ ብሎ መጻፍ ነው። የሚያሳስተው ባክቴሪያው እውነትም ሴል ውስጥ ገብቶ እንደ ከረጢት ባለ ነገር ተሸፍኖ ስለሚራባ ነው፣ ስለዚህ ሜታፕላስቲክ ሴል (ማህጸን ጫፍ ላይ ዓይነቱን እየቀየረ ያለ ሴል) ላይ ቫኩዮል፣ መሀሉ ደግሞ ቀላ ያለ ነጥብ ስታዩ በቃ እሱ ነው ትላላችሁ። ግን ንፍጥ የቋጠረ ሴልም እየሞተ ያለ ሴልም የተዋጠ የነጭ ደም ሴል ፍርስራሽም ልክ እንደዛ ነው የሚመስለው፣ የባክቴሪያው ተላላፊ ቅርጽ ደግሞ 0.3 ማይክሮን አካባቢ ስለሆነ በተራ ማይክሮስኮፕ ለይቼ አየሁት ማለት ይከብዳል። ይሄ ምልክት ከካልቸር (ባክቴሪያውን ላብ ውስጥ አሳድጎ ከማየት) ጋር ሲነጻጸር የተያዘችውን ያልፋል፣ ያልተያዘችውን ተይዛለች ይላል። ለዛም ነው አሁን ያለው የቤተስዳ ሪፖርት (የፓፕ ውጤት የሚጻፍበት ደንብ) ትሪኮሞናስና ካንዲዳን የመሳሰሉ ሌሎች ጀርሞችን ሲዘረዝር ክላሚዲያን የማይዘረዝረው።

ሁለተኛው ስህተት ሊምፎሳይት (አንድ ዓይነት የነጭ ደም ሴል) ላይ ነው። ትልቅም ትንሽም ሊምፎሳይት ተቀላቅሎ፣ ፍርስራሽ የበላ ማክሮፌጅም አብሮ ካለ ፎሊኩላር ሰርቪሳይተስ (አንድ ዓይነት የማህጸን ጫፍ ብግነት) ነው፣ ወጣት ሴት ላይ ከሆነ ክላሚዲያ መመርመር ተገቢ ነው፣ የወር አበባ ያቆሙ እናቶች ላይ ግን ያለ ክላሚዲያም ይመጣል። ከዚህ የሚብሰው እነዚህን ጥቋቁር ትናንሽ ሴሎች ሃይ ግሬድ ለውጥ (ወደ ካንሰር ሊሄድ የሚችል) ነው ብሎ ሴትየዋን ማስደንገጥ ነው፣ በተለይ በሊኩዊድ ስላይድ (ናሙናው ፈሳሽ ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ስላይድ) ሊምፎሳይት ስለሚሰበሰብ ይሸውዳል፣ ተረጋግታችሁ የስብስቡን ዳር ዳር እዩ።

"ፓፕ ኖርማል ነው፣ ነጻ ነኝ" ማለትም ስህተት ነው። አብዛኞቹ የተያዙ ሴቶች ምንም ምልክት የላቸውም። እኛ አገር ብዙ ቦታ በፓፕ ፋንታ የሚሠራው ደግሞ ማህጸን ጫፉን አሴቲክ አሲድ ቀብቶ ማየት ወይ የኤችፒቪ (የማህጸን ጫፍ ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ) ምርመራ ነው፣ እዛ ላይ ጭራሽ ሴል አይታይም። ክላሚዲያን የሚለየው እንደ ፒሲአር ያለ የዘረመል ምርመራ ነው፣ በስዋብ ወይ በሽንት፣ ስዋቡን ራሷ ብትወስደውም ይሠራል።

ሪፖርቱ ላይ "ኢንፍላሜሽን" (ብግነት) ስላለ ብቻ አንቲባዮቲክ አትዋጡ፣ ሉፕም ያመጣዋል። በምርመራ ከተረጋገጠ ግን ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ለ7 ቀን ነው፣ እርጉዝ ከሆነች በሱ ፋንታ አዚትሮማይሲን፣ ባልም አብሮ ይታከም ምክንያቱም እሱ ካልታከመ መልሶ ያሲዛታል፣ ከ3 ወር በኋላም ድጋሚ ትመርመር።