ጋርደን ከመስራታችሁ በፊት ቤታችሁን እዩት
ግቢያችሁን ልታሳምሩ ያሰባችሁ፣ አበባ ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት በር ላይ ወጥታችሁ ቤቱን ራሱን እዩት። ቀጥ ቀጥ ያለ መስመርና ትልልቅ መስታወት ያለው ዘመናዊ ቤት ከሆነ ሁለት ሦስት ዓይነት ተክል ብቻ በብዛት ደጋግሞ መትከል ነው የሚያምርበት፣ የድሮ የድንጋይ ወይ የእንጨት ቤት ከሆነ ግን ጠመዝማዛ መንገድ፣ ግድግዳ ላይ የሚወጣ ሐረግ፣ ትንሽ የተደበላለቀ አበባ ምናምን ይሄድለታል። የመንገዱን ድንጋይ ቀለም ከግድግዳው ጋር ማቀራረብ ብቻውን ራሱ ብዙ ይለውጣል።

ከዛ ለራሳችሁ እውነቱን ተናገሩ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ትሰጡታላችሁ? ያ ፎቶ ላይ የምታዩት እንደ ሳጥን የተከረከመ አጥር በዓመት ቢያንስ 2 ወይ 3 ጊዜ መቀስ ይፈልጋል፣ ሳሩማ በሚያድግበት ወቅት በየሳምንቱ ነው (እኔ ወድጄ ተክዬ ግማሹን በጠጠር ቀይሬዋለሁ)። ጊዜ ለሌለው ሰው ጠጠር ማንጠፍና እንደ ላቬንደር (ሐምራዊ አበባ ያለው ሽታው ደስ የሚል ተክል) እና የጥብስ ቅጠል ያሉ ውሃ ብዙ የማይፈልጉ ተክሎች ይሻሉታል፣ ግን በቀን 6 ሰዓት ያህል ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ከሆነ ነው፣ ጥላ ከበዛ ፈርን (አበባ የሌለው ቅጠላማ ተክል) ሞክሩ።

ስታይሉ ካምታታችሁ ደግሞ የወደዳችሁትን 10 ፎቶ ሰብስቡና የሚደጋገመውን ነገር ፈልጉ፣ ብዙ ጊዜ የወደዳችሁት አበባውን ሳይሆን መቀመጫውን ሆኖ ታገኙታላችሁ።